አሻንጉሊቱ ለምን ሞተ?

ባለፈው ክረምት እናቴ ቤቷን ልታሳድስ ዕቃ ስታስወጣ፣ ከአልጋ ሥር ተገፍቶ ከኖረ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ዐሥራ አንድ መጽሔቶች ወጡ። ጠርዛቸውን አይጥ ቀምሶታል፤ የሁለቱ ሽፋን ተገንጥሏል፤ ቀዩና ሰማያዊው ቀለም ግን ዛሬም ይጮኻል። "ትራንስፎርመርስ" ይላሉ በእንግሊዝኛ። ለንደን የምትኖረው አክስቴ በ1979 ዓ.ም ክረምት ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ ሰው እጅ የላከችልኝ ናቸው። እናቴ "እነዚህስ ይጣሉ?" ስትለኝ አፌ ላይ የመጣው "ኧረ በፍጹም!" የሚል ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን ራሴን ስጠይቅ ከረምኩ። ምንድን ነው የማስቀምጠው? እነዚህ ወረቀቶች እኮ ከሥራቸው ማስታወቂያ ናቸው። የተጻፉት አንድ የአሻንጉሊት ኩባንያ ፕላስቲኩ እንዲሸጥለት ነው። የዐሥር ዓመት ልጅ ሆኜ የወደድኩት፣ ደብቄም ያለቀስኩለት ነገር የሽያጭ ዘዴ ኖሯል። እንዲህ ያለው ፍቅር ፍቅር ነው ወይስ መታለል?

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ሀስብሮ የተባለው የአሜሪካ አሻንጉሊት ኩባንያ፣ ሲያጣጥፉት መኪና ወይም አውሮፕላን፣ ሲዘረጉት ሮቦት የሚሆን መጫወቻ ታካራ ከተባለ የጃፓን ኩባንያ ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1984 ገበያ ላይ አዋለው። ጃፓን ሳለ አብዛኛው ሰው የሚነዳው ማሽን እንጂ የራሱ ስምና ጠባይ ያለው ፍጡር አልነበረም። ስሙም ጠባዩም የተሰጠው ኒው ዮርክ፣ ማርቭል በተባለው የኮሚክ አሳታሚ ቢሮ ውስጥ ነው። የደጎቹን ሮቦቶች መሪ ኦፕቲመስ ፕራይም ያለው ዴኒስ ኦኒል ሲሆን፣ ለአብዛኞቹ ስም ያወጣውና ጠባያቸውን የጻፈው ቦብ ቡዲያንስኪ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ፕላስቲኩ ቀደመ፣ ነፍሱ ኋላ መጣች። ጭቃ አበጅቶ እስትንፋስ እንደ መዝራት ያለ ሥራ ነው፤ ልዩነቱ በደመወዝ መሠራቱ ነው።

አክስቴ የላከችልኝ የእንግሊዙን እትም ነው። የአሜሪካው በየወሩ እየወጣ 80 ቁጥር ሲደርስ እ.ኤ.አ. በ1991 ቆመ፤ የእንግሊዙ ግን ብዙ ሳይቆይ ሳምንታዊ ሆነና እስከ 1992 ድረስ 332 ቁጥሮች ወጡ። ሳምንታዊ ሆድ በወርኃዊ ምግብ አይሞላምና እንግሊዞቹ የራሳቸውን ታሪክ መጻፍ ግድ ሆነባቸው፤ ሳይመን ፈርማን የተባለው ጸሐፊ ስሙን የተከለው በዚህ ክፍተት ነው። ለአንባቢ ደብዳቤ መልስ የሚሰጡት እንኳ ሮቦቶቹ ራሳቸው ነበሩ፤ መጀመሪያ ሳውንድዌቭ፣ ኋላም ግሪምሎክ። እኔም በተሰባበረ እንግሊዝኛ ደብዳቤ ጽፌ ነበር፤ የቴምብር መግዣ የሚሰጠኝ ስላጣሁ ቀረ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ ምንም እንኳ ይህን ክፍል ዘልዬው ባልፍ ደስ ቢለኝም። በሰፈራችን መጽሔቱ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። አሻንጉሊቱን ማንም በዓይኑ አላየውም፤ እኛ በምናውቃቸው ሱቆች አልነበረም። የእኛ መጫወቻ የሽቦ መኪና፣ ብይ፣ ቆርኪና የጨርቅ ኳስ ነበር። ታዲያ እኔ ነጋዴ ሆንኩ። አንዱን መጽሔት ለማየት ሁለት ብይ ወይም አምስት ሳንቲም። ገጹን የምገልጠው እኔ፣ ታሪኩን የምናገረው እኔ። የመጨረሻውን ገጽ በመዳፌ ሸፍኜ "ነገ ይቀጥላል" እላለሁ፤ ነገ ደግሞ ሌላ ሁለት ብይ። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ወይም ያስተማረኝ መጽሔቱ ራሱ ነው፤ በየቁጥሩ መጨረሻ የሚያደርገው ይህንኑ ነበርና።

የጎረቤታችን ዘበኛ ልጅ እኩያዬ ነበር። ሳንቲምም ብይም አልነበረውም፤ በሽቦ መኪና ሥራ ግን የሚያህለው አልነበረም። አንድ ቀን፣ ጎማው ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተቆረጠ፣ ተጎታቹ የሚለቀቅ፣ ልክ እንደ ኦፕቲመስ ፕራይም ያለ የጭነት መኪና ሠርቶ መጣ። የሠራው ከሩቅ ያየውን ሽፋን አስታውሶ ነው። ያንን ተቀብዬ አንድ ጊዜ አሳየሁት። አንድ ጊዜ ብቻ። የደረሰው ቁጥር ኦፕቲመስ ፕራይም የሚሞትበት ነበር። "ምን ሆኖ ሞተ?" አለኝ። እንግሊዝኛዬ የአራተኛ ክፍል ነው፤ ጽሑፉን አላነበብኩትም። አላውቅም ማለት ደግሞ ንግዴን በገዛ እጄ ማፍረስ ነው። "ሜጋትሮን ከኋላው ተኩሶበት" አልኩት። ሥዕሉን ትኩር ብሎ አየና "የሚተኩስ የለም እኮ" አለ። መጽሔቱን ዘጋሁት።

ባለፈው ክረምት ያንን ታሪክ አነበብኩት፤ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ማለት ይቻላል። ልጁ ልክ ነበር። የሚተኩስ የለም። ጻፊው ቡዲያንስኪ ነው፤ እንግሊዝ አገር የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ሁለቱ ወገኖች አንድን ጠብ በጦርነት ፈንታ በኮምፒውተር ጨዋታ ለመጨረስ ይስማማሉ፤ ከሁለቱ መሪዎች የተሸነፈው በፈንጂ ይጠፋል። ኦፕቲመስ ያሸንፋል። ነገር ግን ሲያሸንፍ በጨዋታው ዓለም ውስጥ ይኖሩ የነበሩ፣ ምንም ያላጠፉ ፍጡራን ይጠፋሉ። እሱም "እነዚያን ለድሌ ከከፈልኩ ማታለሌ ነው፤ የተሸነፍኩት እኔ ነኝ" ወደሚል ፍርድ ይደርሳል፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ሊያስቀርለት ቢሞክርም ራሱን ለፈንጂው ይሰጣል። በጨዋታ ውስጥ ላሉ፣ ለሌሉ ፍጡራን ሲል! ይህ ታሪክ በአድናቂዎቹ ዘንድ እስከ ዛሬ ድረስ ይሳቅበታል። "ለኮምፒውተር ጨዋታ የሞተ ጀግና" እያሉ። እኔ በበኩሌ አልሳቅኩም። ሰው ሳያየው፣ ሕግ ሳይጠይቀው፣ የተበደለውም በእርግጥ መኖሩ እንኳ ሳይታወቅ በራሱ ላይ የፈረደ ጀግና በልጆች መጽሔት ውስጥ ስንት ጊዜ ይገኛል?

ግን ልጆቹ እንዲያለቅሱለት የተደረገው ለምን ነበር? አዲስ አሻንጉሊት ሊመጣ ነበርና። በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1986 አሜሪካ በወጣው ፊልም ውስጥ ኦፕቲመስ ፕራይም በመጀመሪያው ክፍል ላይ ይሞታል። ከፊልሙ የታሪክ አማካሪዎች አንዱ የነበረው ፍሊንት ዲል በኋላ ዘመን በግልጽ እንደተናገረው፣ ያረጀውን ሸቀጥ አንስቶ ለአዲሱ ቦታ ማስለቀቅ ነበር፤ ጀግናው ለልጆቹ ምን እንደሆነ አላወቁም ነበር። በሲኒማ ቤት ልጆች አለቀሱ፤ የተቃውሞ ደብዳቤ ጎረፈ። ኩባንያው ደነገጠ። በመዘጋጀት ላይ በነበረው ሌላ የአሻንጉሊት ፊልም፣ በጂአይ ጆ፣ ሊሞት የተሳለው ዱክ የተባለ ጀግና ራሱን እንደሳተ ብቻ እንዲነገር ተደረገ። ኦፕቲመስም በ1987 በቴሌቪዥን ከሞት ተነሳ፤ በኮሚኩም በ1988 ተመለሰ፣ በዚያው ዓመት ለሽያጭ በቀረበ አዲስ አካል። ፕላስቲክ የሚሸጡ መስሏቸው ሐዘን ሲሸጡ ተገኙ። ባወቁ ጊዜ ደግሞ ትንሣኤውንም ሸጡት።

ይህን ዓይነቱን ነገር በሕግ ሊያስተካክሉ የሞከሩ አገሮች አሉ። የካናዳዋ ኩቤክ እ.ኤ.አ. በ1980 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚነገር የንግድ ማስታወቂያን ከለከለች። አንድ የአሻንጉሊት ኩባንያ የመናገር ነፃነቴ ተነካ ብሎ ተሟገተ፤ ነገሩ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1989 ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ሕጉ ጸና። ስዊድንም በ1991 ከ12 ዓመት በታች ላሉ የሚቀርብ የቴሌቪዥን ማስታወቂያን አገደች። አሜሪካ የሄደችው በተቃራኒው ነው። የመገናኛ ኮሚሽኗ በልጆች ፕሮግራም ላይ የነበረውን የማስታወቂያ ሰዓት ገደብ በ1984 አነሳ፤ ትራንስፎርመርስ በተወለደበት ዓመት መሆኑ ነው። ከ1968 ጀምሮ ስለ ልጆች ቴሌቪዥን የታገለችው ፔጊ ቻረን ጩኸቷን ቀጠለች፤ በ1990 በወጣ ሕግም ማስታወቂያው በሰዓት ቅዳሜና እሑድ ከ10 ደቂቃ ተኩል፣ በሌሎቹ ቀናት ከ12 ደቂቃ እንዳይበልጥ ተወሰነ። እኔን የሚገርመኝ ይህች ሴት ሳንሱርን አጥብቃ የምትቃወም መሆኗ ነው። ታሪኩ ይታገድ አላለችም፤ ታሪክና ሽያጭ ይለይ እንጂ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ሊሞግተኝ ይችላል። አዝማሪስ ለሽልማት አይደለም እንዴ የሚያሞግሰው? ሽልማት ስለተቀበለ ዜማው ውሸት ይሆናል? እውነት ነው፤ የብዙ መልካም ነገር ሥሩ ገንዘብ ነው። ነገር ግን አዝማሪው ብር እንደሚፈልግ ሰጪውም፣ ታዳሚውም፣ አላፊ አግዳሚውም ያውቃል። ሁሉም ዓይኑን ገልጦ ነው የሚገባበት። የዐሥር ዓመት ልጅ ግን ጀግናው የሞተው በሸቀጥ ዕቅድ መሆኑን አያውቅም፤ ሊያውቅም አይችልም።

ሌላም ልዩነት አለ። አያቴ ተረት ስትነግረኝ ያለ ዓላማ አልነበረም፤ ወይ እንድተኛ ነው፣ ወይ ጓዳ ገብቼ ስኳር እንዳልሰርቅ። የጅቡ ተረት እኔን ለማስፈራራት የተሠራ መሣሪያ ነበር ብል አላጋነንኩም። ነገር ግን ባስፈራችኝ ሌሊት የማቅፈው እሷኑ ነበር። የተረቷን ውጤት አብራኝ ትኖረዋለች። ከውቅያኖስ ማዶ ሆኖ የጀግናን ሞት የሚያቅድ ሰው ግን በዚያች ሌሊት የትኛው ልጅ ትራስ እንደረጠበ አያይም። የደብዳቤው ጎርፍ የመጣው፣ ሰዎቹም የደነገጡት፣ ለአንድ አፍታ ስላዩ ይመስለኛል።

ታዲያ ቡዲያንስኪን የት አኖረዋለሁ? እሱም የተቀጠረው ለዚያው ገበያ ነው። ግን ግደል በተባለበት ቦታ፣ ግድያውን ምክንያት ያለው ሞት አደረገው። ፊልሙ ለልጆቹ ሐዘን ሰጣቸው፤ እሱ ከሐዘኑ ጋር አንድ ጥያቄ ሰጣቸው። ይህን ማንም አላዘዘውም ብዬ አምናለሁ። ደመወዝተኛ ሰው ከታዘዘው በላይ የሚሰጣት ያቺ ትርፍ ነገር፣ በደመወዙም በአዛዡም ሒሳብ ውስጥ አትገባም። የወደድኩት እሷን ከሆነ አልተታለልኩም። መጽሔቶቹ ይቀመጡ።

እዚህ ላይ ብጨርስ ጥሩ ነበር፤ ግን ሒሳቡ አልዘጋ አለኝ። "ለእኔ መልካም ነገር ደርሶኛልና ኩባንያው ይቅር ይባል" ካልኩ፣ በዚያው ሚዛን እኔም ይቅር ልባል ነው። ያ ልጅ መጽሔቱን በማየቱ ደስ አላለውም እንዴ? ፊቱ ይበራ ነበር። እንግዲያው መኪናውን መውሰዴ ምን ክፋት አለው? እንዲህ ብዬ ሳስብ ልቤ እሺ አይልም። የእሱ ደስታ የእሱ ነው፤ ከእሱ የዓይን ትኩረትና ከእሱ ልብ የመጣ። እኔ የሰጠሁት ውሸትና የተዘጋ መጽሔት ነው። እሱ ከዚያች ከአንዲት እይታ ምንም ያህል መልካም ነገር ቢያወጣ የእኔን ዕዳ አይከፍልልኝም። ስለዚህ የኩባንያውንም ዕዳ የእኔ ፍቅር አይከፍልለትም። ፍቅሩ እውነት ነው፤ አሻሻጡም ነውር ነው። ሁለቱን ማስታረቅ ሞክሬ አልቻልኩም፤ አሁንማ መታረቅ ያለባቸውም አይመስለኝም።

ልጁ ቤተሰቡ በ1982 ዓ.ም ሰፈር ከለቀቀ ወዲህ አላየሁትም። ያቺ የሽቦ መኪና ዝጋ የተጣለችው መቼ እንደሆነ እናቴም አታስታውስም። የት እንዳለ ባውቅ የምነግረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚተኩስ አልነበረም።

በዚህ ፈንታ ታሪኩን ለዘጠኝ ዓመት ልጄ ነገርኳት። እሷ ሌሎች ልጆች አሻንጉሊት ከካርቶን ሲፈቱ የሚያሳይ ቪዲዮ በስልክ ስታይ የምትውል ናት፤ የአሁኑ ነጋዴ እንደ ድሮው ታሪክ ለመጻፍ እንኳ አይደክምም። ቢሆንም መጽሔቱን ስገልጥላት ተጠጋች። ገጹን እንድትገልጥ ለራሷ ሰጠኋት።

"ካሸነፈ ለምን ሞተ?" አለችኝ።

"ለማሸነፍ ሲል ምንም ያላጠፉትን ስላስጠፋ።"

"እነሱ እኮ ጌም ውስጥ ናቸው።"

"አዎ።"

ትንሽ አሰበች። "ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ነው የማይረባው። እኔ ብሆን አልጫነውም ነበር" አለችና ገጹን ገለበጠች። የመጨረሻው ነበር፤ ከታች የሚቀጥለው ሳምንት ማስታወቂያ አለ።

"ቀጣዩስ?"

ሳጥኑን ደግሜ ፈተሽኩት። የተላኩልኝ ዐሥራ አንድ ብቻ ነበሩ።