ከአዲሱ ሠራተኛ ጋር ወይስ በአዲሱ ሠራተኛ ላይ?

ከአዋሽ ወደ ጭሮ በሚወስደው አውራ ጎዳና፣ እንደ ቦርደዴ ባለች ከተማ፣ አንድ ወጣት በጋራዥ ሥራ ጀመረ እንበል። ነባሮቹ የሌለ መፍቻ ስም ፈጥረው «ሂድና ተውሰህ አምጣ» ይሉታል፤ ከቤት ቤት ሲንከራተትም ይስቁበታል። ይህ ንጹሕ ጨዋታ ነውን?

«በእኛም ተደርጎብናል፤ መላመጃ ነው» የሚሉ አሉ። ነገር ግን ማንም ሰው የተበደለውን ካልበደለው ሊያስከፍል አይገባውም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ ጨዋታ ለነፍስ ዕረፍት መሆኑን ሲያስተምር፣ ሰውን ለማሳፈር የሚደረገውን ፌዝ ግን ከኃጢአት ቈጥሮታል። ልዩነቱ በምን ይታወቃል? አንዱ ምልክት የተቀለደበት ሰው መልሶ ለመቀለድ መቻሉ ነው። አዲሱ ሠራተኛ ይህ ነጻነት የለውም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ለሥራው ብቁ አይደለም የተባለ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። ስለዚህ አብሮ ቢስቅ እንኳ ሳቁ ፈቃዱን አያስረዳም።

ከዚህም በላይ፣ የሥራ ባልደረባ ቃል ሊታመን ይገባል። መኪና በክሪክ ተነሥቶ ሳለ «ከሥር ውጣ!» ሲባል «ደግሞ ሊያታልሉኝ ይሆን?» ብሎ የሚያመነታ ወጣት ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ቀልዱ ያጠፋው ይህን እምነት ነው።

እንግዲህ ሳቅ ከሥራ ቦታ ይጥፋ አንልም። ነባሩ ሠራተኛ እርሱ ራሱ አዲስ ሳለ የሳተውን ያጫውተው። ያን ጊዜ ሁለቱም አብረው ይስቃሉ፤ አዲሱም ያላወቀውን ለመጠየቅ አያፍርም።