መንኰራኵር ያለው መንበር



ጾመ ነቢያት ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ ኅዳር 8 ቀን፣ የአርባዕቱ እንስሳ በዓል ነው። ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት ሥዕሉን አይተው «ልጄ፣ ሰማይ ቤትም በሬ አለ ማለት ነው?» አሉኝ። ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ጥያቄው የሚያስቅ አልነበረም።

እስቲ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 1ን አንብቡት። ነቢዩ «አየሁ» ይልና ወዲያው «የሚመስል» እያለ ይጠነቀቃል። በመንበሩ ላይ ያየውንም ቢሆን የክብሩ ምሳሌ መሆኑን ተናግሮ ነው በግንባሩ የወደቀው። እኛ በሥዕሉ እግዚአብሔርን ጨርሰን አወቅነው ብንል እሱ ያልደፈረውን ደፈርን ማለት ነው።

ደግሞ የት ሆኖ ነው ያየው? ካህን ነበር፤ ነገር ግን ከመቅደሱ ርቆ በምርኮ፣ በባቢሎን በኮቦር ወንዝ ዳር ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ593 ዓመት ገደማ። ምርኮኛው «አምላካችን እዚያው ኢየሩሳሌም ቀረ» ቢል ማን ይፈርድበታል? ለዚህ ሰው የታየው መንበር መንኰራኵር ያለው ነው፤ ይሄዳል። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢው በደረሰው ጥፋት ከቀዬው የወጣ ሰው ይህ ያለ አንድምታ ይገባዋል።

ሊቃውንቱ አራቱን ገጽ ለአራቱ ወንጌላውያን ይሰጣሉ። አንድም፦ ገጸ ሰብእ ስለ ሰው፣ ገጸ አንበሳ ስለ አራዊት፣ ገጸ ንስር ስለ አዕዋፍ፣ ገጸ ላህም ስለ እንስሳት ይለምናሉ። እኔን የያዘኝ የመጨረሻው ነው። በበጋ ከከሚሴ ወጣ ብላችሁ ቦርከና ዳር ጨፋን እዩት። የእኛም፣ የሙስሊም ጎረቤታችንም፣ ከአፋር ቆላ የመጣውም ከብት አንድ ሣር ይግጣል። ገጸ ላህም «የማን በሬ ነው?» ብሎ ነው የሚለምነው? መንኰራኵሩስ ዙሪያውን በዓይን የተሞላ አይደለም እንዴ? ይህን ስል ቅር የሚለው አለ፤ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ቅር ቢለው አልፈርድበትም። እኔም በዚያ ሰሞን በጸሎቴ የማነሣው የወገኖቼን ስም ብቻ ነበር።

በማግሥቱ እኒያን እናት አገኘኋቸውና «በሬስ የለም፤ ስለ በሬዎ የሚለምን ግን አለ» አልኳቸው።

«የጎረቤቴስ?» አሉኝ፤ ጎረቤታቸው ሙስሊም ናቸው። «የኔ አንድ፣ የሳቸው አንድ ነው፤ አቀናጅተን ነው የምናርሰው። አንዱ ከታመመ ለሁለታችንም እርሻ የለም።»

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።