ስላማረ ነው ወይስ ብርቅ ስለሆነ?

 

ዛሬ አንዲት ጥያቄ ይዣለሁ፤ ስለ አበባ ናት። አንድን ነገር የምንወደው ስላማረ ነው ወይስ ሌላው ሰው ስለሌለው?

ቱሊፕን ብዙዎቻችን የምናውቃት በፎቶ ነው። እኛ ሀገር ለገበያ የሚለማው አበባ በብዛት ጽጌረዳ ነው፤ ቱሊፕ ደግሞ ለማበብ የሳምንታት ብርድ ትፈልጋለች። ሥሯ ሽንኩርት ይመስላል፤ ኮረት እንለዋለን። ከዘር የተነሳች ቱሊፕ የመጀመሪያ አበባዋን ለማሳየት ከ5 እስከ 7 ዓመት ይፈጅባታል። ለየት ያለ ዝርያ አውጥቶ፣ አባዝቶ ገበያ ማድረስማ 20 ዓመት ገደማ ይወስዳል። ይህ ሁሉ ተለፍቶ፣ ለቆረጣ የሚያመርተው ገበሬ አብዛኛውን ጊዜ ከነኮረቷ ይነቅላታል። ቅጠሎቿ ጥቂት ናቸው፤ ከአበባው ጋር ከተቆረጡ ኮረቷ ለከርሞ የሚሆን ስንቅ አይዝም። ቤት ገብታ የምትቆየው አንድ ሳምንት ቢሆን ነው።

"ታዲያ ይሄ ኢስራፍ አይደለም ወይ?" የሚል አይጠፋም። እኔ አይመስለኝም። በሱልጣን ሱለይማን ዘመን የኦቶማን ሸይኹል ኢስላም የነበሩት ኢቡሱዑድ ኤፈንዲ ቱሊፕ ያለሙ ነበር፤ "ኑሪ ዐድን" የምትባለው ዝርያ ከስማቸው ጋር ትነሳለች። ያን ሁሉ ፈትዋ ሲሰጡ የኖሩ ዓሊም ለአበባ ጊዜ አላጡም። በቱርክኛ ስሟ "ላሌ" ነው፤ በዐረብኛ ፊደል ሲጻፍ የአላህ ስም በሚጻፍባቸው በእነዚያው ፊደላት ይጻፋል። ኢስታንቡል በሚገኘው የሩስተም ፓሻ መስጂድ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሸክላዎች ተመልከቱ፤ ቱሊፕ በቱሊፕ ናቸው። ኦቶማኖች የሚወዷት ቀጠን ያለችውንና ጫፏ እንደ ጩቤ የሾለውን ነበር። አንገቱ ጠባብ በሆነ ማስቀመጫ አንዷን ብቻ ያቆሟታል፤ ሱብሃነላህ፣ አንዷ ትበቃቸው ነበር!

(ሁልጊዜ ግን አልበቃቻቸውም። በሱልጣን አሕመድ 3ኛ ዘመን የኮረት ዋጋ ጣሪያ ነክቶ መንግሥት ተመን እስከ ማውጣት ደርሷል።)

ሆላንድ ውስጥ የሆነው ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1630ዎቹ ከሁሉ የተፈለገችው በነጭ ላይ ቀይ ነበልባል የመሰለ መስመር ያላት ነበረች፤ "ሴምፐር አውጉስቱስ" ይሏታል። ለአንድ ኮረት የቤት ዋጋ ይጠየቅባት ነበር። በየካቲት 1637 ሃርለም ከተማ ላይ ገዢ ጠፋ፤ ዋጋው ተንኮታኮተ። ሀገር ምድሩ ደኸየ የሚባለው የተጋነነ ወሬ ነው፤ ገንዘባቸውንና ወዳጅነታቸውን ያጡ ግን ነበሩ።

የሚገርመው ሚስጥሩ ነው። ያ ነበልባል በሽታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1928 ዶሮቲ ኬይሊ የምትባል እንግሊዛዊት ተመራማሪ የመስመሮቹ ምንጭ ቫይረስ መሆኑን አሳየች። ቫይረሱ ኮረቷን ያደክማታል፤ የደከመች ኮረት ደግሞ ልጆች የምታወጣው በዝግታ ነው። ስለዚህ ያስዋባትም ብርቅ ያደረጋትም ያው በሽታዋ ነው።

ዛሬ መስመር ያላቸው፣ ከቫይረሱ ነጻ የሆኑ ቱሊፖች ተዳቅለው ወጥተዋል። አውሮፓ ውስጥ በእቅፍ ታስረው ይሸጣሉ፤ ቤቱን የሚሸጥላቸው ቀርቶ ዞር ብሎ የሚያያቸው ስንቱ ነው? ውበቱ አለ፤ የጠፋው "እኔ ጋ ብቻ ነው ያለው" ማለት ነው። "ከመቶ ፍሬ በላይ አልተሠራም" ስለተባለ ብቻ የምንቋምጥለትን ጫማ እስቲ በዚህ እንመዝነው፤ ነገ ሰፈሩ ሁሉ ቢያደርገው እንወደዋለን?

ለዚህ ነው 20 ዓመት የሚለፋውን አልሚ ከነጋዴዎቹ ጋር አንድ ላይ የማላየው። እሱ እኮ የሚለፋው ዝርያው ተባዝቶ በየሰው ቤት እንዲገባ ነው።

እሱም ቢሆን ፈተና አለበት። ቫይረሱ ዛሬም አልጠፋም፤ ክሽክሽ የሚባለው ተባይ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ያዛምተዋል። በጸደይ የሆላንድ ገበሬዎች በየመደቡ መሀል እየሄዱ የታመመውን አንድ በአንድ እየፈለጉ ይነቅላሉ። አንዳንዴ ከመደቡ ሁሉ ዓይን የምትስበው እሷ ትሆናለች፤ ካልተነቀለች ግን ጎረቤቶቿን ትበክላለች።

እናንተ ብትሆኑ እጃችሁ ይጨክን ነበር?