ኬላ የማያየው ገንዘብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ለአንዳንዶቻችን ከመንፈሳዊ ጽሑፍ ጋር የማይገናኝ ይመስል ይሆናል። ጉዳዩ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት በስልኩ ሠርቶ ስለሚያገኘው ገንዘብና ስለ ግብሩ ነው። ሆኖም ገንዘብ ባለበት ልብ አለ፤ ልብ ባለበት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ዝም ልትል አይገባትም።

የይፋት ሰው ቀረጥና ግብር ምን እንደ ሆነ ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። በ19ኛው መቶ ዘመን በቆላው በኩል ወደ ሸዋ የሚወጣው ነጋዴ ከነጓዙ አልዩ አምባ ገበያ ሲደርስ ለንጉሡ ሹም ቀረጥ ይከፍል ነበር። ዛሬም በሮቢ ወንዝ ዳር የለማ ሽንኩርት በመኪና ተጭኖ ወደ ደብረ ሲና ሲወጣ በመንገድ ላይ ኬላ አለ፤ ጭነቱ ይታያል፣ ደረሰኝ ይጠየቃል። ከመካከላችን አንዱ ግን ለውጭ ሀገር ሰው ቪዲዮ ያቀናብራል፤ ሌላዋ ጽሑፍ ትተረጉማለች ወይም ድምፅዋን ቀድታ ትሸጣለች፤ ሦስተኛው በቴሌግራም ልብስ ይነግዳል። የእነዚህ ልጆች ገንዘብ በጣርማ በር አያልፍም። ማታ በባንክ ሒሳብ ወይም በቴሌብር ይገባል፤ ጎረቤት አያየውም፣ ኬላም አያስቆመው። ለዚህ ገንዘብ የመጀመሪያው ኬላ የባለቤቱ ኅሊና ነው። እኛም የምንፈተነው እዚህ ላይ ነው።

ጌታችን ስለዚህ ነገር ሁለት ጊዜ አስተምሮናል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 እንደምናነበው የቤተ መቅደሱን ግብር የሚሰበስቡ ሰዎች ወደ ጴጥሮስ መጡ። ጌታ የቤቱ ልጅ ስለሆነ መክፈል እንደማይገባው ለጴጥሮስ አስረዳው፤ ነገር ግን ሰዎቹ እንዳይሰናከሉ ሲል ከፈለ። ገንዘቡንም ዓሣ አጥማጁ ጴጥሮስ መንጠቆውን ጥሎ ካወጣው ዓሣ አፍ እንዲያገኘው አደረገ፤ ግብሩ ከሙያው መጣ ማለት ነው። በምዕራፍ 22 ደግሞ የቄሣርን ለቄሣር፣ የእግዚአብሔርን ለእግዚአብሔር መስጠት እንደሚገባ ተናገረ። የዚያን ጊዜው ቄሣር ጢባርዮስ ጣዖት የሚያመልክ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስም ለሮሜ ክርስቲያኖች ግብር ለሚገባው ግብርን እንዲሰጡ የጻፈው ጨካኙ ኔሮን በነገሠበት ዘመን ነው። እንግዲህ ትእዛዙ የቆመው በገዢው ጽድቅ ላይ አልነበረም፤ የክርስቲያኑ እጅ ንጹሕ እንዲሆን ነው እንጂ።

አሁን ሕጉ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት፤ ሳያውቁ መፍራትም ሳያውቁ መናቅም ጉዳት አለውና። መሠረቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ነው፤ በሐምሌ 2017 በጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ተሻሽሏል። በደመወዝ የምትሠሩ ከሆነ እስከ 2,000 ብር ያለው ወርኃዊ ደመወዝ ግብር የለበትም። ከ2,001 እስከ 4,000 ባለው ላይ 15 በመቶ፣ ከ4,001 እስከ 7,000 ባለው ላይ 20 በመቶ ይታሰባል፤ እንዲህ እያለ ከ14,000 በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ይደርሳል። ለምሳሌ 5,000 ብር የምትከፈል ልጅ ግብሯ ስንት ነው? ለመጀመሪያው 2,000 ምንም የለም፤ ለሁለተኛው 2,000 ብር 300፤ ለቀረው 1,000 ብር 200፤ በድምሩ 500 ብር ነው። ይህንን ቀንሶ ለገቢዎች የሚያስገባው ቀጣሪው ነው። የእርሷ ድርሻ በትክክል መቀነሱንና በስሟ መግባቱን መጠየቅ ነው።

ቀጣሪ ሳይኖረው ለራሱ የሚሠራ ግን ቀንሶ የሚያስገባለት የለም፤ ራሱ ማስታወቅ አለበት። በኢትዮጵያ ነዋሪ የሆነ ሰው ከውጭ ሀገር ባገኘው ገቢም ግብር ይጠየቃል። ስለዚህ ዶላር ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። እንዲያውም የውጭ ምንዛሪ አሠራር በሐምሌ 22 ቀን 2016 ከተለወጠ ወዲህ፣ ቀድሞ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ስለሚመነዘር፣ ትንሽ የምትመስል ዶላር በብር ስትቆጠር ትንሽ አይደለችም። የ2017ቱ ማሻሻያም በዲጂታል መንገድ ይዘት እየሠሩ የሚገኘውን ገቢ በግብር ሥር አስገብቷል። እንዲህ ያለው ሕግ በእኛ ሀገር ብቻ የወጣም አይደለም። በአሜሪካ ለራሱ ሠርቶ በዓመት 400 ዶላር ያተረፈ ሰው ተማሪም ቢሆን ያስታውቃል፤ ኬንያም በ2023 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከዲጂታል ይዘት ክፍያ ላይ 5 በመቶ ማስቀረት ጀምራለች።

እዚህ ላይ በወጣቶች መካከል የሚነሡ ምክንያቶች አሉ። እያንዳንዱን በቅንነት እንመርምር።

የመጀመሪያው «እኔ ገና ልጅ ነኝ» የሚለው ነው። በሀገራችን ሕግ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሁሉ አካለ መጠን አላደረሰም፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። የግብር ሕግ ግን ገቢውን እንጂ ዕድሜን አይጠይቅም። ከዚህም በላይ ብዙዎቹ የኢንተርኔት ድርጅቶች ክፍያ የሚፈጽሙት 18 ዓመት ለሞላው ስለሆነ፣ የልጁ ገንዘብ በአባት ወይም በእናት ሒሳብ ይገባል። ያን ጊዜ ልጁ የደበቀው ሁሉ በወላጁ ስም ይመዘገባል። አባትህን እና እናትህን አክብር የሚለው ትእዛዝ ስማቸውን ከዕዳ መጠበቅንም ይጨምራል። እንግዲያስ ምን እንደምትሠሩና ስንት እንደምታገኙ ለወላጆቻችሁ ንገሯቸው። ለጥቂት ብር ብላችሁ የባንክ ሒሳባችሁን ወይም መታወቂያችሁን ለማታውቁት ሰው አታከራዩ፤ የሌላው ሰው ዕዳና ወንጀል በእናንተ ስም ይጻፋልና።

ሁለተኛው «መዝሙርና ትምህርት ነው የምለቀው፤ አሥራቴንም አወጣለሁ» የሚለው ነው። አሥራት ማውጣት መልካም ነው፤ አትተዉት። ነገር ግን በግል ኪስ የሚገባ ገንዘብ መዝሙር ስለተባለ የግል ገቢ መሆኑ አይቀርም። ጌታ ሁለቱን ለይቶ ሁለቱንም እንድንሰጥ አዘዘ፤ አንዱ የሌላው ምትክ አይሆንም።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደ ነው። «ለእኛ ምን ተደረገልንና?» የሚል ነው። ይህን የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች ከሜዳ ተነሥተው አይደለም። አጣዬ በሚያዝያ 2013 ስትቃጠል አይተናል። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደርሶ ሰው ቤቱን ጥሎ ተሰዷል። በሐምሌ 2015 መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ፤ በስልኩ እንጀራ የሚበላ ልጅ ያን ጊዜ ጦሙን አደረ። ይህንን ኀዘን አቃልሎ የሚናገር ሰባኪ እውነትን አልተናገረም።

ሆኖም አንድ ነገር እናስተውል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 97 መሠረት ከግለሰብ ነጋዴ የሚሰበሰበው የገቢ ግብር የክልሉ ነው። የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ልጅ አብረው የሚቀመጡበት የትምህርት ቤት ወንበር፣ የወላዷ እናት አልጋ፣ የመምህሩ ደመወዝ የሚወጣው ከዚህ ዓይነት ገንዘብ ነው። ግብር የደበቀ ሰው ሹሙን የቀጣ ይመስለዋል፤ ሸክሙ ግን የሚወድቀው መደበቅ በማይችለው ደመወዝተኛና ሽንኩርቱ ኬላ ላይ በሚቆጠርበት ገበሬ ላይ ነው። ደግሞም የከፈለ ሰው «ገንዘቤ የት ገባ?» ብሎ ቀና ብሎ ይጠይቃል፤ የደበቀ ግን አንገቱን ይደፋል። መጠየቅ ኃጢአት አይደለም። መጥምቁ ዮሐንስ ለቀራጮች ከታዘዘላቸው አብልጠው እንዳይወስዱ ነግሯቸዋል፤ ዘኬዎስም በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ቃል ገብቷል። ከእናንተም መካከል ነገ በገቢዎች ጽሕፈት ቤት የምትቀመጡ ትኖራላችሁና ይህን ቃል ከአሁኑ ያዙት።

በመጨረሻም ተግባሩ እንዲህ ነው። አንድ ደብተር ግዙ። ገንዘብ የገባበትን ቀን፣ ከማን እንደመጣ፣ ስንት ብር እንደሆነ፣ ለኢንተርኔትና ለዕቃ ያወጣችሁትን ሁሉ ጻፉ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ደብተራችሁም በዚያው ይዘጋ። ዓመታዊ ገቢያቸው ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነ ግለሰቦች የደረጃ «ለ» ግብር ከፋዮች ናቸው፤ የእናንተን ስሌት በሰው ወሬ ሳይሆን ከወላጃችሁ ጋር ሄዳችሁ ከከተማው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም እዚያው ይሰጣል። ገንዘብ በገባ ቁጥር ለአሥራትና ለግብር የሚሆነውን አስቀድማችሁ ለዩ፤ የቀረው ትንሽ ቢሆን እንኳ በሰላም የሚበላ ነው። ምናልባት ተሰልቶ ጥቂት ብቻ ይደርስባችሁ ይሆናል፤ እንዲያም ቢሆን ደብተሩን አትተዉት። በ15 ዓመቱ በጥቂቱ ያልታመነ ሰው በ40 ዓመቱ በብዙ ሊታመን ይቸግረዋል።

ኬላ ያላየውን እግዚአብሔር ያያል። ማቴዎስን ከቀረጥ ቦታው ጠርቶ ወንጌላዊ ያደረገ አምላክ እጃችንን ንጹሕ፣ ስማችንን የታመነ ያድርግልን፤ ለሀገራችንም ሰላምን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።