የእኔ አይደለም

ባልሠራችሁት ሥራ ተመስግናችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ተመስግኜ አውቃለሁ። ስለዚህ ይህን ጥያቄ የማነሣው ከእናንተ ከፍ ብዬ ቆሜ አይደለም።

በሰንበት ትምህርት ክፍላችን ልጆች የሚጫወቱት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥያቄና መልስ ጌም አለ። ጥያቄዎቹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። የቀረውን ሁሉ የሠራው አብሮኝ ያገለግል የነበረ አንድ ወጣት ፕሮግራመር ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ኮምፒውተር አሮጌ በመሆኑ ጌሙ መጀመሪያ ላይ እየተንቀረፈፈ ይቆም ነበር። እርሱ ግን የማያስፈልገውን እየቀነሰ፣ ስሌቱን እያሳጠረ፣ ብዙ ሌሊት አምሽቶ አስተካከለው። ከዚያ ሥራ አግኝቶ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። በዓመቱ መዝጊያ ፕሮግራም ላይ አንድ ሽማግሌ ወደ መድረክ ጠርተውኝ «ይህን ጌም ለልጆቻችን የሠራልን መምህራችን ነው» ብለው አመሰገኑኝ። ጉባኤው አጨበጨበ። እኔም «ክብር ለጌታ ይሁን» ብዬ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ።

ዋሽቻለሁ? ከአፌ የወጣው ቃል እውነት ነው። ጌሙን እኔ ሠራሁት አላልኩም። እንዲያውም ትሑት መስዬ ታይቻለሁ። ይሁን እንጂ ያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ወጣቱ ለፋሲካ ሲመጣ፣ ከኅብረት በኋላ ከሁለት ፕሮግራመር ጓደኞቹ ጋር ሻይ ልንጠጣ ተቀመጥን። ወሬያቸው ሁሉ ስለ ጌም አሠራር ነበር። ተጫዋቹ ስለሚያየው ሥዕልና ድምፅ ብዙም አላወሩም። ይበልጥ የሚያስደስታቸው ከሥር ያለው ነው፤ ኮምፒውተሩ ቁጥርን በዜሮና በአንድ እንዴት እንደሚያስቀምጥ፣ አንድ ስሌት እንዴት እንደሚፈጥን። ያን ዕለት ከነገሩኝ ታሪክ አንዱን በኋላ ራሴም ተከታትዬ አነበብኩት።

ኢድ ሶፍትዌር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1999 እ.ኤ.አ. «ኩዌክ 3 አሬና» የተባለ ጌም አወጣ። እንዲህ ባለ ጌም ውስጥ ብርሃን ግድግዳ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ለማሳየት ኮምፒውተሩ አንድን ለአንድ ቁጥር ስኩዌር ሩት ማካፈል አለበት፤ ያውም አንዴ ሳይሆን እጅግ ብዙ ጊዜ። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር ማካፈልም ስኩዌር ሩት ማውጣትም ቀርፋፋ ሥራ ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. ኩባንያው የጌሙን ኮድ ለሕዝብ ክፍት ሲያደርግ ሰዎች አንድ እንግዳ ነገር አዩ። ነጥብ ያለበትን ቁጥር ኮዱ ልክ እንደ ሙሉ ቁጥር ያነበዋል። ዜሮና አንዶቹን በአንድ ቦታ ወደ ቀኝ ይገፋቸዋል። ውጤቱን ከ1,597,463,007 ላይ ይቀንሳል። የመጣውን መልሶ እንደ ነጥብ ቁጥር ያነበውና አንድ ጊዜ ብቻ ያርመዋል። መልሱ ከትክክለኛው የሚለየው ከመቶ 0.2 በማይሞላ ነው። ለዓይን ይህ ምንም ማለት አይደለም። ማካፈል የለ፣ ስኩዌር ሩት የለ! ከመስመሩ አጠገብ አንድ ፕሮግራመር መገረሙን ጽፎ ትቷል፤ ቃሉ ግን ለዚህ መጽሔት አይሆንም።

ይህን ማን ጻፈው? ብዙ ሰው «ጆን ካርማክ ነው» አለ። ካርማክ በዚያን ጊዜ የኩባንያው ዋና ፕሮግራመር የነበረ፣ በሙያው እጅግ የተከበረ ሰው ነው። ስለ ግራፊክስ የሚጽፍ አንድ ሰው ደብዳቤ ልኮ ጠየቀው። ካርማክ እኔ አይደለሁም ብሎ መለሰ፤ ምናልባት ቴርየ ማቲሰን ይሆናል ብሎ ጠቆመ። ማቲሰን የኖርዌይ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተሩ ቋንቋ እጅግ የቀረበ ኮድ በመጻፍ የታወቀ ነው። እርሱም ተጠየቀ። ተመሳሳይ ነገር ጽፌ አውቃለሁ፣ ይህኛው ግን የእኔ አይደለም አለ። ፍለጋው ጋሪ ታሮሊ ዘንድ ደረሰ፤ እርሱም የታወቀ የግራፊክስ ካርድ ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ ነው። ታሮሊ ደግሞ ተጠቅሜበታለሁ፣ ቁጥሩንም ነካክቼው ሊሆን ይችላል፣ ግን መጀመሪያ የጻፍኩት እኔ አይደለሁም አለ። በመጨረሻ በ1980ዎቹ መገባደጃ የጻፈው ግሬግ ዋልሽ መሆኑ ተነገረ። ዋልሽ ሐሳቡን ያገኘው ከሥራ ባልደረባው ከክሊቭ ሞለር ነው፤ ሞለርም በበርክሌይ እነ ዊልያም ካሃን ከጻፉት ኮድ ነው የተማረው።

ወጣቶቹ ይህን ያወሩት በስሌቱ ተደንቀው ነው። እኔ ግን ጆሮዬ የቀረው «እኔ አይደለሁም» በሚለው መልስ ላይ ነበር።

እስቲ አስቡት። ካርማክ ዝም ቢል ማን ይጠይቀው ነበር? ዓለም የእርሱ ነው ብሎ ካመነ ቆይቷል፤ መዋሸትም አያስፈልገውም፣ ለደብዳቤው አለመመለስ ብቻ ይበቃው ነበር። ከሁሉ ይልቅ ያስተማረኝ ግን የታሮሊ መልስ ነው። «እኔ ምንም አላደረግሁም» አላለም። የነካውን ነካሁ፣ ያልጻፈውን አልጻፍኩም አለ። እኛ ብዙ ጊዜ ትሕትና ራስን ማሳነስ ይመስለናል። እዚህ ግን ትሕትና የራስን ድርሻ ሳይጨምሩም ሳይቀንሱም መናገር ሆኖ አገኘሁት። እኔ ያን ቀን ማለት የነበረብኝ «ጥያቄዎቹን እኔ አዘጋጀሁ፣ ጌሙን የሠራው ወንድም እገሌ ነው፣ ክብር ለጌታ ይሁን» ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ዘልዬ ሦስተኛውን ብቻ ተናገርኩ። ለጌታ ክብር መስጠቴ ልክ ነው፤ ለወንድሜ የሚገባውን ምስጋና የሸፈንኩት ግን በዚያው ቃል ነው። እውነተኛ ቃልም መሸፈኛ ይሆናል።

ከወጣቶቹ አንዱ ታሪኩ ሲያልቅ «ታዲያ የማንን ስም እንጥራ? ሁላችንም የምንሠራው በሌላ ሰው ኮድ ላይ ነው፤ ብቻውን የሠራ ማንም የለም» አለ። ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። የማናውቃቸውን ሁሉ መዘርዘር አንችልም። የምናውቀውን አንድ ሰው ስም ለመጥራት ግን ያ ምክንያት አይሆነንም። የኮዱ ታሪክ የተገኘውም እኮ ሰዎች የሚያውቁትን ስም ስለጠሩ ነው። ካርማክ ወደ ማቲሰን፣ ዋልሽ ወደ ሞለር፣ ሞለር ወደነ ካሃን ጠቆሙ። ከመካከላቸው አንዱ «ሁላችንም የጋራ ነው የሠራነው» ብሎ ቢያልፈው ኖሮ ፍለጋው እዚያው ይቀር ነበር።

ጓደኞቹ ሲሄዱ ወጣቱን አስቀርቼ የመድረኩን ነገር ነገርኩት። ሳቀ። «ጋሼ፣ ጥያቄዎቹ እኮ ያንተ ናቸው» አለኝ። እኔም ቀለል ሊለኝ ጀመረ። ከዚያ ብርጭቆውን በእጁ እያዞረ ትንሽ ዝም አለና እንዲህ አለ፦

«እማዬ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ነበረች። ማታ ደወለችልኝ። ‹መምህርህ ለልጆቹ ጌም ሠርቶ ተመሰገነ፤ አንተም እኮ ያን ሁሉ ሌሊት ኮምፒውተር ላይ ስታፈጥ ከምታድር እንደ እርሱ ለሚጠቅም ነገር ብታውለው› አለችኝ።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«ምን እላታለሁ? እሺ አልኳት።»

ውድ ወጣቶች፣ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ጥፋቴን የምመዝነው በእኔና በኅሊናዬ መካከል ብቻ ነበር። የማይገባኝን ጭብጨባ ወሰድኩ፣ ማንም ግን አልተጎዳም ብዬ ራሴን አጽናንቼ ነበር። ያ ጭብጨባ አንዲት እናት ስለ ልጇ ማወቅ የሚገባት ነገር መሆኑን አላሰብኩም። ማንም አይጎዳም ብለን የምናልፈው ዝምታ ማን ጋ ደርሶ ምን እንደሚያደርግ እኛ አናይም።

በሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌውን ለምኜ ከማስታወቂያው በፊት ማይክ ያዝኩ። የተናገርኩት ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ፊቴ ጋለ፣ ድምፄም ተንቀጠቀጠ። እናቱ ከኋላ ተቀምጠው ነበር፤ አላጨበጨቡም። ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሲወስዱ አየሁ።

እናንተም በቡድን የሠራችሁት የክፍል ሥራ፣ በመዘምራን የተደረሰ መዝሙር፣ ጓደኛችሁ ያረመላችሁ ጽሑፍ ይኖራል። አንድ ቀን ሰው በእርሱ ያመሰግናችኋል። ዕድሉ የሚቆየው ለአፍታ ነው፤ ካለፈ በኋላ ማረም እንደ እኔ ብዙ ያስከፍላል። በዚያች አፍታ የማን ስም መጠራት እንዳለበት ከአሁኑ ታውቃላችሁ?