ሲዋኩ ኪሴ ውስጥ ነበር

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይሁን።



እኔ ኡስታዝ አይደለሁም። በሙያዬ የውሃ መስመር የምሠራ መሐንዲስ ነኝ፤ ከቤተሰቤ ጋር የምኖረው እዚሁ ሴንቴኒያል ነው። ስለ ዲን የማነሳው ከዑለማዎች የሰማሁትንና በታወቁት የሐዲስ ኪታቦች ያነበብኩትን ነው። ስለ ጥርስ የምናገረው ደግሞ በልጄ ሕመም ምክንያት ሳልወድ የተማርኩትን ነው።

ልጄ አራት ዓመቷ ነበር። ምግብ በአንድ ጎኗ ብቻ ማኘክ መጀመሯን እናቷ ቀድማ አየች። እኔ «የወተት ጥርስ አይደል፣ ነገ ይወድቃል» ብዬ አለፍኩት። አንድ ሌሊት እያለቀሰች ነቃች፤ ጉንጯ አብጦ ነበር። ሐኪሟ ፎቶውን አይታ ስምንት ጥርሶቿ መበላታቸውን፣ ሁለቱ መነቀል እንዳለባቸው፣ የቀሩት እንደሚሞሉና እንደሚሸፈኑ ነገረችን። ይህን ሁሉ አንድ የአራት ዓመት ልጅ ነቅታ ስለማትችለው በሙሉ ማደንዘዣ ይሠራል አለችን። የሚፈረም ወረቀት ተሰጠኝ። ማደንዘዣው ሊያመጣው የሚችለው አደጋ አንድ በአንድ ተጽፎበታል። እስክሪብቶ ፍለጋ እጄን ደረት ኪሴ ውስጥ ስከት ያገኘሁት ሲዋኬን ነበር።

ሐኪሟ ሁለት ነገር ጠየቀችኝ። ጥርሷን ማን ነው የሚቦርሽላት? ስትተኛ ጡጦ ትይዛለች? የመጀመሪያው መልስ «ራሷ» ነበር። የሁለተኛው «አዎ፣ የአፕል ጭማቂ» ነበር።

ከዚያ ቀን በፊት ስለ ሲዋክ ብጠየቅ ብዙ እናገር ነበር። ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በኡማቸው ላይ እንዳይከብድ ባይሰጉ ኖሮ በየሶላቱ ሲዋክ እንዲጠቀሙ ያዟቸው ነበር። ሌሊት ሲነሱ አፋቸውን በሲዋክ ይፍቁ እንደነበር ሁዘይፋ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ምን እንደነበር ዓኢሻ (ረ.ዐ) ስትጠየቅም መልሷ ሲዋክ እንደሆነ ሙስሊም ዘግበውታል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ሰውም ፊት ተናግሬዋለሁ።

ልቤን የነካኝ ግን ብዙ ጊዜ ሰምቼው በአንድ ጆሮዬ የወጣው ታሪክ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመጨረሻው ሕመማቸው በዓኢሻ (ረ.ዐ) ደረት ላይ ተደግፈው ሳለ ወንድሟ ዐብዱረሕማን ሲዋክ ይዞ ገባ። ዓይናቸው ሲዋኩ ላይ አረፈ። መናገር አቅቷቸው ነበር። እሷ ግን ፍላጎታቸው ገባትና ትወስድላቸው እንደሆነ ጠየቀቻቸው፤ በራሳቸው እሺታን አመለከቱ። ሲዋኩ ጠንካራ ስለነበር ጫፉን አኝካ አለስልሳ ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም ተጠቀሙበት። ቡኻሪ ዘግበውታል።

ይህን ሐዲስ ስንሰማ ብዙዎቻችን የምንይዘው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለንጽሕና እስከ መጨረሻዋ ሰዓት የነበራቸውን ፍቅር ነው፤ እውነትም ነው። እኔ ግን ሆስፒታሉ መጠበቂያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ያሰብኩት ስለ ዓኢሻ (ረ.ዐ) እጅ ነበር። አቅም ያጣ ሰው አፉን የሚያጸዳለት ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። ሕፃን ልጅም እንደዚያው ነው። የጥርስ ሐኪሞች ልጅ እስከ ሰባት ስምንት ዓመቱ ድረስ ጥርሱን በራሱ በደንብ ማጽዳት አይችልም ይላሉ፤ እጁ ገና አልተገራም። እኔ የራሴን ሱና ኪሴ ውስጥ ይዤ፣ አላህ አማና የሰጠኝን አፍ ለአራት ዓመት ልጅ ጥዬው ነበር። በዚያ አፍ ፋቲሓ አስቀርቻት ነበር።

ደሴ ያደግኩ ሰው ነኝ። አያቴ ለሱብሒ ሲነሳ ከመስኮቱ ሥር ካስቀመጠው እንጨት አንዱን ይመዝና፣ ወይራ ይሁን ክትክታ፣ እየፋቀ ወደ ውዱእ ይሄድ ነበር። እዚህ አገር ስንሰባሰብ «አባቶቻችን የጥርስ ሐኪም ሳያውቁ ጥርሳቸው እንደ ወተት ነጭ ነበር» የሚል ወሬ ይወደዳል። በከፊል እውነት ነው። ጥርሱ አልቆ በድዱ ቆሎ ሲያላምጥ የኖረ ሽማግሌም በየሰፈሩ ነበር፤ እሱን ግን አናነሳውም። ከዚያ ወዲህ በዋናነት የተለወጠው የመፋቂያው ነገር አይደለም። በአያቴ ቤት ስኳር በቁልፍ ይዘጋበት ነበር፤ የሚወጣው ለእንግዳ ነው። በእኔ ቤት ግን ማቀዝቀዣው ዝቅተኛ መደርደሪያ ላይ፣ ሕፃን እጁን ዘርግቶ በሚደርስበት ቦታ ነው ያለው።

ሥራዬ ስለሆነ ነገሩን እንደ ዝገት አየዋለሁ። ቧንቧ የሚበላው አንድ ቀን በፈሰሰበት አሲድ ሳይሆን በየቀኑ በሚነካው ነው። አፋችን ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳር ሲያገኙ አሲድ ያመርታሉ። ፒኤቹ ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ የጥርሱ ሽፋን ማዕድን መሟሟት ይጀምራል። ምራቅ ያንን አሲድ እያለዘበ ማዕድኑን ይመልሳል፤ ግን ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። እንግዲህ አንድ ብርጭቆ ጣፋጭ በአንድ ጊዜ ከምግብ ጋር የጠጣ ሰው ጥርሱን አንድ ጊዜ ያጠቃል። ያንኑ ብርጭቆ ሦስት ሰዓት እየተጎነጨ የሚጠጣ ሰው ግን ለምራቁ ፋታ አይሰጠውም። ዴንቨር ኤርፖርት ታክሲና ኡበር የምትነዱ ወንድሞቼ፣ ከመሪው አጠገብ ያለው ሶዳ ወይም ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ ይኸው ነው። ውሃ አድርጉት፤ ሻዩንም ስትጠጡ በአንድ ተቀምጣችሁ ጨርሱት። ሌሊት ደግሞ ምራቅ ይቀንሳል፤ ጡጦ ይዞ የሚተኛ ልጅ ጥርሱ ሌሊቱን ሙሉ በስኳር ተነክሮ ያድራል። ወተትም ቢሆን ስኳር አለው። የመኝታ ጡጦ ውስጥ ከውሃ በቀር ምንም አይግባ።

(በነገራችን ላይ፣ እናቶች የልጁን ማንኪያ ቀምሰው ሲያጎርሱ ጥርስ የሚበሉት ባክቴሪያዎች አብረው ይተላለፋሉ። የእናትና የአባት ጥርስ መታከም ለልጁም ነው።)

አሁን አንድ ስህተቴን ልናገር። ልጄን ፍሎራይድ በሌለው የጥርስ ሳሙና ነበር ያሳደግናት። «ፍሎራይድ መርዝ ነው» የሚል ቪዲዮ ከጓደኛ ደርሶኝ አመንኩት። የውሃ መሐንዲስ ሆኜ! ታሪኩ የተጀመረው ደግሞ ከዚህ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል በሚርቀው ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ነው። በ1901 እ.ኤ.አ. ፍሬድሪክ ማኬይ የሚባል ወጣት የጥርስ ሐኪም እዚያ ሥራ ሲጀምር የአካባቢው ተወላጆች ጥርስ ቡናማ ሆኖ አገኘው። ለዓመታት ሲመረምር እነዚያ የበለዙ ጥርሶች በቀላሉ እንደማይበሰብሱ ተረዳ። ምክንያቱ በውሃው ውስጥ ያለ የተፈጥሮ ፍሎራይድ መሆኑ የታወቀው ከ30 ዓመት በኋላ በ1931 ነው። ከዚያ ተመራማሪዎች ጥርስን ሳያበልዝ የሚያጠነክረውን ልክ ፈለጉ፤ በ1945 ግራንድ ራፒድስ የመጀመሪያዋ ፍሎራይድ የተጨመረባት ከተማ ሆነች። ዛሬ በአሜሪካ የሚመከረው በአንድ ሊትር 0.7 ሚሊግራም ነው።

የእኛን ስምጥ ሸለቆ የሚያውቅ ሌላውን ጫፍ አይቷል። በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በዝዋይ አካባቢ ከጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ፍሎራይዱ ከዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ፣ ከ1.5 ሚሊግራም፣ በብዙ የሚበልጥበት ቦታ አለ። የሰዎች ጥርስ ይበልዛል፤ ለብዙ ዓመታት የጠጡት ላይ አጥንት እስከ ማጣመም ይደርሳል። ስለዚህ ፍሎራይድን የፈራ ሰው ያለ ምክንያት አልፈራም። የዘነጋው መጠንን ነው፤ አላህ (ሱ.ወ) ሁሉን ነገር በልክ እንደፈጠረ የምናምን ሰዎች ደግሞ ይህ ሊከብደን አይገባም። ሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ሳሙና፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ የሚያህል በቂ ነው። ይትፋው እንጂ አይዋጠው። አዋቂም ከቦረሸ በኋላ አረፋውን ይትፋ፤ ወዲያው በብዙ ውሃ ከተጉመጠመጠ ፍሎራይዱን አብሮ ያጥበዋል።

ሳሙናው ውስጥ ያለው ግሊሰሪን ከእንስሳ ስብ ይሆን ብላችሁ የምትሰጉ፣ ስጋታችሁ ተገቢ ነው። ከዕፅዋት መሆኑን በማሸጊያው የሚጽፍና ፍሎራይድም ያለው ሳሙና ገበያ ላይ አለና መርጦ መግዛት ይቻላል። በስጋቱ ሰበብ ሳሙናን ጨርሶ መተው ግን መፍትሔ አይደለም።

ሲዋክን ላሳንስ አይደለም፤ ዛሬም ኪሴ ውስጥ ነው። የአራክ እንጨት በደንብ ከተለሰለሰና ጫፉ በየጊዜው ከታደሰ የጥርስን ፊት በሚገባ ያጸዳል። የኋላ መንጋጋ ውስጠኛ ጎንና በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ክፍተት ግን ያስቸግረዋል፤ የልጄ ጥርሶች የተበሉት በአብዛኛው እዚያ ነበር። ስለዚህ በየሶላቱ ሲዋክ፣ ጠዋትና ከመኝታ በፊት ሁለት ደቂቃ ብሩሽ፣ ማታ የጥርስ ክር። አንዱ የሌላውን ቦታ አይሻማም።

ረመዳን ላይ የምሰማው ነገር አለ። «ፆሜ እንዳይበላሽ» ብሎ ሰላሳ ቀን ጥርሱን የማይነካ ሰው አለ። ኢፍጣር ላይ ተምር፣ ጭማቂና ባቅላባ፣ እስከ ሱሑር ሲቀማመስ ያድርና ሳይቦርሽ ይተኛል። በሐነፊ መዝሃብ ፆመኛ ቀኑን ሙሉ ሲዋክ መጠቀሙ ችግር የለውም። በሻፊዒ መዝሃብ የታወቀው ከዙህር መግቢያ በኋላ መጠላቱ ነው፤ ኢማም ነወዊ ግን አይጠላም የሚለውን መርጠዋል። በ1997 እ.ኤ.አ. ጅዳ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የፊቅህ ጉባኤ፣ ወደ ጉሮሮ የሚወርደውን ከመዋጥ እስከተጠነቀቁ ድረስ፣ ጥርስ ማስቦርቦር፣ ማስነቀል፣ ማጽዳት፣ ሲዋክና ብሩሽም ፆም እንደማያፈርሱ ወስኗል። ሳሙናውን የሚፈራ ከሱሑር በኋላ፣ አዛን ሳይል ይቦርሽ። ሕመም እያለ ቀጠሮን ወደ ሸዋል መግፋት ግን አያስፈልግም። የራሳችሁን ጉዳይ ኢማማችሁን ጠይቁ፤ ወላሁ አዕለም።

ልጄ አልሐምዱሊላህ ደህና ነች። ሁለቱ ጥርሶች በነበሩበት ክፍት ቦታ ትስቃለች። ማታ ማታ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጋ አፏን ትከፍታለች፣ እኔ እቦርሻለሁ፤ አንዳንድ ቀን ትነክሰኛለች።

በዚያው ሰሞን እናቴ ከአገር ቤት መጥታ ነበር። ዓኢሻ (ረ.ዐ) የረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ዓይን ተከትላ ያየችው ነገር ከአእምሮዬ ስላልወጣ እናቴ ስትበላ አየኋት። እንጀራውን ወጥ ውስጥ አርሳ ነበር የምትበላው። «እማዬ፣ ያምሻል እንዴ?» ስላት «ኧረ ምንም አይደል፣ የእርጅና ነው» አለች። የስኳር በሽታ አለባት፤ የድድ በሽታና ስኳር ደግሞ አንዱ ሌላውን ያባብሳል። አውሮራ በሚገኘው አንሹትዝ ግቢ፣ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ተማሪዎች በመምህሮቻቸው ክትትል በቀነሰ ዋጋ ያክማሉ። ጊዜ ይወስዳል፤ አንድ ቀጠሮ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ሄልዝ ፈርስት ኮሎራዶ ያላችሁ ደግሞ የልጆቻችሁ የጥርስ ምርመራ፣ ጽዳትና ሙሊት ይሸፈናል፤ ለአዋቂዎችም የጥርስ አገልግሎት አለው። ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የጥርስ ሐኪም ማየት ያለበት አንድ ዓመት ሳይሞላው ነው። እንግሊዝኛ የማይቀናችሁ ከሆነ ቀጠሮ ስትይዙ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። ቅጽ መሙላት ያስቸገረው ካለ ከጁሙዓ በኋላ መስጂድ አቡበከር ጫማ መደርደሪያው አጠገብ ታገኙኛላችሁ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።