ለትምህርት ወደ ባዕድ አገር የሚሄድ ምን ይዞ ይሂድ?

ከልጆቻችን አንዱ ለአንድ ዓመት ትምህርት ወደ ውጭ አገር እንዲሄድ በተመረጠ ጊዜ፥ ወደ ወላጆቹ ቤት ደስታና ሥጋት አብረው ይገባሉ። ደስታው ስለሚያገኘው ዕውቀት፥ ሥጋቱ ስለ ሃይማኖቱ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ ከሚገኘው ከሉድቪግ ማክሲሚሊያን ዩኒቨርሲቲ ጋር በትምህርት ተባብሮ ስለሚሠራ፥ ይህ ጉዳይ በቦሳ ኪቶና በዙሪያው ባሉት የቡና ከተሞች ለሚኖሩ ምእመናን እንግዳ አይደለም። እንግዲህ ሃይማኖትን የሚያስጥለው የመንገዱ ርቀት ነውን? ብለን እንጠይቅ።

ለዚህ ጥያቄ ከታሪካችን አንድ ምስክር አለን። የአምሐራው የመካነ ሥላሴ ሰው አባ ጎርጎርዮስ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1649 ዓ.ም. በሮም ከተማ ሂዮብ ሉዶልፍ ከተባለ ወጣት የጀርመን ሊቅ ጋር ተገናኙ። በ1652 ዓ.ም. ደግሞ መስፍኑ ኤርንስት ጠርቷቸው ወደ ጎታ ከተማ ሄዱ። በዚያ የቆዩት አንድ ዓመት እንኳ አይሞላም። ነገር ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ስለ አገራቸው ቋንቋ፥ ታሪክና ሥርዓት የተጠየቁትን ሁሉ መለሱ። ሉዶልፍም በ1681 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ታሪክ፥ በ1698 ዓ.ም. የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ባሳተመ ጊዜ፥ ከእርሳቸው የተማረውን መሠረት አድርጎ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ ግን ይህን አላዩም፤ በ1658 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ሲመለሱ በእስክንድሮና አጠገብ መርከባቸው ተሰብራ ሞቱ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ እንግዳው በጎታ መምህር የሆኑት ከመሄዳቸው በፊት በአገራቸው ስለ ተማሩ ነው፤ ባዶ ዕቃ ወደ ገበያ ቢወስዱት የሚቀዳለት እንጂ የሚቀዳበት አይሆንም። ሁለተኛው ግን የሚያሳዝን ነው። እኒህ ሰው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከኢየሱሳውያን ጋር የተባበሩ ነበሩ፤ ዐፄ ፋሲለደስ በ1632 ዓ.ም. የአባቶችን ሃይማኖት ከመለሱ በኋላም አገራቸውን ትተው ወጡ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ከተዋሕዶ የተለዩት በጀርመን ሳይሆን በገዛ አገራቸው ሳሉ ነው። ስለዚህ ልጁን ከቤት ማስቀረት ብቻውን ሃይማኖቱን አይጠብቅለትም፤ ቋንቋንና ታሪክን ማወቅም ያለ ጽኑ እምነት አይበቃም።

ፈተናው ብዙ ጊዜ የሚመጣው በክርክር ሳይሆን በማዕድ ነው። ጀርመኖች የልደትን በዓል የሚያከብሩት በእኛ ታኅሣሥ 16 ቀን ግድም ነው፤ እኛ ግን ኅዳር 15 ቀን የጀመርነውን የነቢያትን ጾም ያን ጊዜ ገና አልፈጸምንም። ደጋግ ባለቤቶች ሥጋ አዘጋጅተው ሲጠሩት ተማሪው ምን ያድርግ? አንዱ እንዳያስቀይም ይበላል፤ ሌላው ሆዴን አሞኛል ብሎ ይዋሻል፤ ሦስተኛው ፊቱን አጥቁሮ ይቀራል። የመጀመሪያው ጾሙን፥ ሁለተኛው እውነትን፥ ሦስተኛው ፍቅርን አጎደለ። ሐዋርያው ጳውሎስ ከማያምኑ ሰዎች ማዕድ መብላትን ፈቅዷል የሚል ቢኖር፥ ሐዋርያው የተናገረው ለጣዖት ስለ ተሠዋ ሥጋ እንጂ ጾምን ስለ መሻር እንዳልሆነ ያስተውል። ነቢዩ ዳንኤል በባቢሎን ሳለ ሹሙን አልሰደበም፥ ምክንያትም አልፈጠረም፤ ለ10 ቀን ጥራጥሬ እንዲሰጠው በትሕትና ለመነ እንጂ። ተማሪውም አስቀድሞ ነገሩን በግልጽ ያስረዳ፤ በበዓላቸው ቀን አብሮ ይቀመጥ፤ እንጀራቸውን በምስጋና ይቁረስ፤ ሥጋውን ይተው።

ይህ ጥበብ ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። በጅማ ክርስቲያንና እስላም ተጎራብተው ይኖራሉ። ሰርግ ሲሆን ለየወገኑ የሚታረደው ልዩ ልዩ ነው፤ ቡናው ግን የጋራ ነው፤ ለቅሶውንም አብረው ይቀመጣሉ። ከጎረቤቱ ሥጋ ሳይበላ ጎረቤቱን ሳይንቅ ያደገ ልጅ፥ በሙኒክ የሚያስፈልገውን ከእናቱ ቤት ተምሯል፤ የቀረው የለመደውን ምክንያቱን ማወቅ ነው።

ይህንም ማስተማር የእኛ ዕዳ ነው። ልጁ የሚሄድበት ቀን ሲቀርብ ወላጆቹ ሻንጣውን ያዘጋጁለታል፥ በርበሬና ሽሮም ያስሩለታል። የነፍስ አባቱ ግን ለምን እንደምንጾም፥ ለምን በተዋሕዶ እንደምናምን ሲጠየቅ የሚመልሰውን አስታጥቆታልን? በጀርመን ታላላቅ ከተሞች ያሉትን የቤተ ክርስቲያናችንን አጥቢያዎችስ አመልክቶታልን? ይህን ሳያደርጉ ከርሞ ሲመለስ ተለወጠ ብሎ መውቀስ፥ ያልዘሩትን ለማጨድ እንደ መሻት ነው። ዓመቱ አጭር ነው፤ ዝግጅቱ ግን ከሕፃንነት ይጀምራል።

አምላከ ቅዱሳን የሚሄዱትን በሰላም ይመልስልን፤ የምንልካቸውንም በማስተማር የተጋን ያድርገን። አሜን።